ሳነቴ ላይ ቀስ ብለው ይንዱ

«ባሌ ደግሞ ምን አለ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ጥያቄያቸው አይገርመኝም። የዕረፍት ቀን ሲገኝ የብዙዎቻችን ልብ የሚሄደው ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ራቅ ካለም ወደ አርባ ምንጭ ነው። ውሃ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ መብላት የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። ነገር ግን ዘንድሮ ቤተሰብዎን ይዘው ከበድ ያለ ጉዞ ለማድረግ ካሰቡ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ያስቡበት። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

እኔ እንጀራዬ ግብይትና ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ «ልዩ»፣ «ብቸኛ»፣ «በዓለም የመጀመሪያው» የሚሉ ቃላት ስሰማ ቶሎ አላምንም፤ ራሴም ስጽፋቸው ስለምውል ዋጋቸውን አውቃለሁ። ባሌ ላይ ግን እነዚህን ቃላት የሚጠቀሙት የማስታወቂያ ሰዎች ሳይሆኑ ለዓመታት በብርድ እየተንቀጠቀጡ ድንጋይ ሲለኩና እንስሳ ሲቆጥሩ የኖሩ ተመራማሪዎች ናቸው። እነሱ የደረሱበትን ትንሽ አውቀው ከሄዱ የሚያዩት ነገር ሌላ ይሆናል።

ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአሰላ በኩል ከሄዱ የአርሲን የስንዴና የገብስ ማሳ እያዩ ይጓዛሉ። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ዲንሾ ላይ ነው፤ የደጋ አጋዘንን ለማየትም ብዙ መድከም አያስፈልግም። ወንዱ ጠምዘዝ ባለ ቀንዱ ቀጥ ብሎ ከጽድና ከኮሶ ዛፎች ሥር ቆሞ ያይዎታል። ይህን የሚያህል እንስሳ በሳይንስ መዝገብ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። የባሌ ሰው ግን መዝገቡን አልጠበቀም፤ ድሮም ያውቀዋል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ ይደሩ። ይህን የምለው ሰውነት ከፍታውን እንዲለምድ ነው። በማግስቱ ሳነቴ ላይ ልጅዎ ራሱን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው መድኃኒቱ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ ነው፤ «ትንሽ እንታገስ» አይባልም።

ከጎባ ወደ ላይ ሲወጡ ጫካው እያጠረ ይሄዳል። መጀመሪያ ጽድ፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ ደግሞ ዛፍ የሚባል ነገር ያበቃና ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል። 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳው ይዘረጋል፤ ይህ የሳነቴ አምባ ነው። ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ልጅዎ በትምህርት ቤት ሸምድዶት ከሆነ «ራስ ደጀንስ?» ማለቱ አይቀርም። እኛ የተማርንበት መጽሐፍ 4,620 ይል ነበር፤ በኋላ የመጡ ልኬቶች ወደ 4,550 ሜትር አውርደውታል። ተራራው አላጠረም፤ መለኪያው ነው የተሻሻለው።

ብዙ ጎብኚ ሳነቴ ላይ የሚወርደው ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው። እርስዎ ግን መጀመሪያ መሬቱን ይመልከቱ። በአምባው ደቡባዊ ክፍል ትላልቅ ድንጋዮች አንድ ሰው የደረደራቸው ይመስል ቁልቁለቱን ተከትለው በረድፍ ተሰልፈዋል። አንዳንዱ ረድፍ እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ እስከ 15 ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር የሚጠበቀው መሬት በሚቀዘቅዝባቸው የሰሜን ዋልታ አካባቢዎች እንጂ ከምድር ወገብ በዚህ ቅርበት አይደለም። መሬቱ ሲረጥብና ሲበርድ ያብጣል፤ ሲቀልጥ ይሟሽሻል። ይህ ለረጅም ዘመን ሲደጋገም ድንጋዩን ከአፈሩ ለይቶ ወደ ጎን እየገፋ ያሰልፈዋል። አሁን ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም እነዚያን ግዙፍ ድንጋዮች የሚገፋ ብርድ የለም። ስለዚህ ረድፎቹ ያለፈ ዘመን አሻራ ናቸው።

ያ ዘመን ምን ይመስል ነበር? የበርንና የማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን ሲያጠኑ ቆይተዋል። ዘዴያቸው ለልጆች ለማስረዳት የሚመች ነው። ድንጋይ ከበረዶ ግግር ሥር ወጥቶ ለሰማይ ሲጋለጥ ከህዋ የሚመጣው ጨረር በውስጡ ክሎሪን 36 የሚባል ብርቅ አቶም መሥራት ይጀምራል። አቶሙን የቆጠረ ሰው ድንጋዩ ከተጋለጠ ስንት ዓመት እንደሆነው ያውቃል። በዚህ መንገድ ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የባሌና የአርሲ ተራሮች በድምሩ እስከ 350 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን የበረዶ ግግር ተሸፍነው እንደነበር ተረጋግጧል። አዎ፣ አርሲም! ገርባ ጉራቻ የተባለው ጥቁር ሐይቅም ይኸው ግግር ቦርቡሮ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ነው። ከሐይቁ ወለል ሥር ከ15 ሜትር በላይ የሚዘልቅ ደለል ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ከ15,000 ዓመት በላይ የሆነ የአየር ንብረት ታሪክ በንብርብር ተጽፎበታል።

በዚያ ብርድ ውስጥ ሰው ነበር ቢባል ያምናሉ? እኔ ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል። በወይብ ሸለቆ ውስጥ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዓለት ጥላ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት እንደሚያሳየው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ ይኖሩ ነበር። የምድጃቸው አመድ፣ የተቃጠለ አጥንት፣ ከባልጩት የተሠራ መሣሪያቸው ተገኝቷል። ባልጩቱን የሚያመጡት ወደ 4,200 ሜትር ወጥተው፣ ከበረዶ ግግሩ ዳርቻ ነበር። እራታቸው ደግሞ በብዛት አንድ እንስሳ ነበር፤ ጠብሰው የሚበሉት ግዙፍ ፍልፈል።

ይህ ፍልፈል ዛሬም አለ፤ በዓለም ላይ የሚገኘው ደግሞ ባሌ ብቻ ነው። ክብደቱ እስከ አንድ ኪሎ ይደርሳል። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ አናት በኩል ናቸው፤ ከጉድጓድ ብቅ ሲል ሰውነቱን ሳያወጣ አካባቢውን እንዲያይ። ከመሬት በላይ የሚቆየው በቀን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ያችኑም ሣር ለመሰብሰብ። መኪናዎን አጥፍተው ዝም ብለው ከተቀመጡ መሬቱ ሲነቃነቅ፣ አፈር ሲገፋ፣ ከዚያም ጥርሳም ፊት ብቅ ሲል ያያሉ። ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስል እየተጠቀሙ የቁፋሮውን ሥፍራ ካርታ ላይ ያሰፍራሉ፤ ምክንያቱም አፈሩን የሚያገላብጠውም፣ የትኛው ተክል የት እንደሚበቅል የሚወስነውም በአብዛኛው እሱ ነው። ቀይ ቀበሮም ዋና ምግቡ እሱ ነው። ፍልፈሉ ያለበትን ያወቀ ሰው ቀበሮውንም አያጣውም።

ስለ ቀይ ቀበሮ ስም አንድ ነገር ልበል። እኛ «ቀበሮ» እንበለው እንጂ የዘረ መል ጥናቱ ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ ቅርብ መሆኑን አሳይቷል። በአካባቢው ኦሮምኛ «ጄዳላ ፈርዳ» ይባላል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። የሚኖረው በመንጋ ሲሆን የሚያድነው ግን ለየብቻው ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ጆሮውን ወደ መሬት ቀስሮ፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ሲቆም ካዩት እርስዎም ሳያስቡት ትንፋሽዎን ይውጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ታተመ፦ ቀይ ቀበሮዎች ችቦ ከሚመስል ቀይና ቢጫ አበባ ላይ ወለላ ይልሳሉ። አንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ሲጎበኝ ታይቷል፤ አፍንጫቸውም ብናኝ ለብሶ ይመለሳል። እዚያ ለረጅም ዘመን የሠሩት ክላውዲዮ ሲሌሮ የወለላውን ጣዕም መጀመሪያ ያወቁት የእረኛ ልጆች አበባውን ሲልሱ አይተው እንደሆነ ተናግረዋል። ደስ ያለኝ ይኼ ነው፤ ሳይንሱ ከእረኞቹ ልጆች ኋላ ነው የደረሰው።

በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። ትልቁ ጠላታቸው ጥይት ወይም ወጥመድ አይደለም፤ የውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ወይብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ጨረሰ። በሽታው ወደ ሳነቴ ቢሻገር ምን ሊቀር ነበር? መሻገሩን ያስቀረው ካርታ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተመራማሪዎችና የአካባቢው ተወላጆች በእግርና በፈረስ እየዞሩ የትኛው መንጋ የት እንደሚያድር፣ ድንበሩ በየትኛው ጋራ እንደሚያልፍ፣ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው በየትኛው ጠባብ መተላለፊያ እንደሚኬድ መዝግበው ነበር። ሁሉንም ቀበሮ መከተብ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ መተላለፊያው ላይ ያሉትን መንጋዎች ለይተው ሰባ ያህል ቀበሮ እየያዙ ከተቡ፤ በሽታው እዚያው ቆመ። ውጤቱም ኔቸር በተባለው መጽሔት ታትሞ፣ ጥቂቶችን ቦታ መርጦ በመከተብ ብዙዎችን ማዳን እንደሚቻል ለሌላው ዓለም አስተማረ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ በየመንጋው ሥፍራ ይቀመጥላቸዋል፤ ቀበሮው ሳይያዝ በልቶ ይከተባል።

በእኛ ሙያ «ገበያህን እወቅ» ይባላል። ስብሰባ ላይ ይህን ስናወራ ቢበዛ ሽያጭ ነው የሚቀርብን። እነዚያ ሰዎች ግን ለዓመታት ሲዞሩ ካርታው ምን እንደሚያድን አያውቁም ነበር።

እንግዲህ ሲሄዱ፦ ውሻዎን፣ የተከተበም ቢሆን፣ ቤት ይተውት። ለቀበሮ ምግብ አይወርውሩ፤ ሰው የለመደ ቀበሮ መንገድ ዳር ይውላል። ሳነቴን የሚያቋርጠው የጎባ ደሎ መና መንገድ ደግሞ ቀጥ ያለና ለፍጥነት የሚያጓጓ ነው፤ ቀስ ብለው ይንዱ። ልጆች ከተሰለፉት ድንጋዮች ላይ እያነሱ እንዳይጫወቱ ይንገሯቸው። ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ ኮፍያና ብዙ ውሃ ይያዙ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ለመንገድ የሚመች ነው፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከመነሳትዎ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ ጠይቀው ይውጡ፤ በር ላይ የሚያገኙትን የአካባቢውን አስጎብኚ ደግሞ ለገንዘብ ብለው አይለፉት፤ ፍልፈሉ የት እንደሚቆፍር የሚያውቀው እሱ ነው።

ጊዜ ካለዎት ከሳነቴ አይመለሱ፤ ወደ ደቡብ ይውረዱ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሐረና ጫካ ውስጥ ይገባል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ጭጋግ፣ ከጭጋግ ወደ ሙቀት ይሻገራሉ። የጫካ ቡና ከዛፎቹ ሥር ይታይዎታል፤ የንብ ቀፎዎች ከፍ ካለ ግንድ ላይ ተሰቅለዋል። ጃኬቱን አሁን ማውለቅ ይችላሉ። መስኮቱን ግን አይዝጉት፤ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ልጆቹ ይዩ።