«ዕውቅና ያለው»

የምተዳደረው በትርጉም ነው። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ አልፎ አልፎም የንግድ ማስታወቂያ ይመጣልኛል። ከዓመታት በፊት እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወኪል፣ በኢንተርኔት ስለሚያስተምር የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያትት በራሪ ወረቀት ወደ አማርኛ እንድመልስለት ሰጠኝ። ተቋሙ «ዕውቅና ያለው» መሆኑን ጻፍሁ፤ የዕውቅና ሰጪውን አካል ረዥም ስምም አሳምሬ ተረጎምሁ፤ ሒሳቤን ተቀብዬ ረሳሁት።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ያንኑ ወረቀት ከዲግሪዋ ጋር ይዛ መጣች። ቀን ሱቅ ስትሸጥ እየዋለች ሦስት ዓመት ሌሊት ሌሊት ተምራለች። የቤት ሥራዋን በላከች በሰዓቱ ሙሉ ነጥብ ይመጣላት ነበር። የአቻ ግምት ብትጠይቅ፣ ተቋሙ በገዛ አገሩ እንኳ አይታወቅም ተብሎ ተመለሰባት። «ጋሼ፣ ይኸው በአማርኛ ተጽፏል እኮ!» አለችኝ።

አማርኛችን በዚህ ቃል ላይ ብዙ ጭኖበታል። ዝነኛ ዘፋኝም፣ ፈቃድ ያገኘ ኮሌጅም ዕውቅና አለው ይባላል። ጥያቄው ግን «ከማን?» ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ ሥልጣኑን ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን ሰጥታለች። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይዞት የነበረው ሥራ ዛሬ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እጅ ነው። በአሜሪካ ግን ዕውቅና የሚሰጡት የግል ማኅበራት ናቸው፤ እነሱንም የሚያውቃቸው ሌላ አካል አለ። አጭበርባሪ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውንም ዕውቅና ሰጪውንም ራሱ ይፈጥራል። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2015 የካራቺው አክሳክት ኩባንያ ያደረገው ይህንኑ እንደሆነ ጽፏል።

ጥፋቱ የኢንተርኔቱ አይደለም። በዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረውና በ2002 ወደዚችው ናይሮቢ የተዛወረው የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ያቀርብ የነበረው ከታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 የርቀት ትምህርትን በጅምላ ስታግድ (ኋላ ብታላላውም) አልተስማማሁም ነበር፤ እንክርዳዱን ከስንዴው ሳይለዩ ማጨድ ነውና።

ወረቀቱን የተረጎምሁት እኔ መሆኔን ነገርኋት። ለጊዜው ዝም አለች።

«ታዲያ እንግሊዝኛው ምን ይል ነበር?»

«ያንኑ» አልኋት።