«ሐኪም እንዴት ሥራ ያቆማል?»

 

ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ሕፃናት ክትባት ነው። ዛሬ ግን ለየት ያለ ርእስ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ሐኪም ታማሚ አስቀምጦ አድማ ይመታል ወይ?» አንዳንዶቻችሁ ተቆጥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ አዝናችሁ ነው የጠየቃችሁት። ሁላችሁም መልስ ይገባችኋል።

መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች 12 ጥያቄዎችን ዘርዝረው ለመንግሥት አቀረቡ፤ ለመልሱም የ30 ቀን ጊዜ ሰጡ። ከጥያቄዎቹ ውስጥ ኑሮን የሚያሻግር ደሞዝ፣ የተረኝነት (የዲዩቲ) ክፍያ፣ የተጋላጭነት አበል እና ለባለሙያው ለራሱ የሕክምና ሽፋን ይገኙበታል። ግንቦት 5 ከፊል የሥራ ማቆም ተጀመረ፤ ከግንቦት 11 ጀምሮ ደግሞ ሙሉ አድማ ተጠራ። በየቦታው ባለሙያዎች ታሰሩ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም እስሩን ተቃውሞ መግለጫ አወጣ።

ነገሩ ድንገት የመጣ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይም ሐኪሞች ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ወጥተው ተመሳሳይ ነገር ጠይቀዋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎችን ሰብስበው አነጋግረዋል። በመካከሉ ኮቪድ መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ኑሮ ተወደደ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የብሩ ዋጋ በወራት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ጥያቄው ግን እዚያው ቆሞ ጠበቀን።

እኔ የምኖረው ቦሩ ሜዳ ነው። በዚያ ሰሞን ከደሴ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። ሐኪም መሆኔን ያወቀ ስላልነበረ ዝም ብዬ አዳመጥኩ።

አንድ ጎልማሳ፣ «ደሞዝ ያነሰው ለእነሱ ብቻ ነው እንዴ? አስተማሪው ምን ይበል? ያውም እነሱ የማሉ ናቸው» አለ። ከኋላ የተቀመጠ ወጣት መለሰለት፦ «ወንድሜ ሐኪም ነው። ሰባት ዓመት ተምሮ የቤት ኪራዩን እስካሁን አባቴ ነው የሚያግዘው።» ከወረኢሉ ለዓይን ሕክምና የመጡ አንዲት እናት ግን ሁለቱንም አልደገፉም። «እኔ በማንም አልፈርድም ልጆቼ። ግን ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ሳልታይ ብመለስ፣ ለመኪና የተበደርኩትን ብር ማን ይከፍልልኛል?» አሉ። ሚኒባሱ ጸጥ አለ።

በአገራችን በአድማው ላይ የሚባለው ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ድምፆች ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሌላውም ደሞዝ አንሶታል»

እውነት ነው። ከአስተማሪው እበልጣለሁ አልልም። በዚያን ጊዜ የአንድ ጠቅላላ ሐኪም የወር ደሞዝ ከ10,000 ብር ብዙም የራቀ አልነበረም፤ የነርሱ፣ የአዋላጇ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው ከዚያም ያንሳል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው ማስተካከያ የዲግሪ ጀማሪ ደሞዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፤ ይህም ለመንግሥት ሠራተኛው በአጠቃላይ የተደረገ ነው። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን የገበያውን ዋጋ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

እኔ እንድታስቡበት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ያደረ ሾፌር ጠዋት ልጃችሁን ጭኖ ልሂድ ቢላችሁ ትሰጡታላችሁ? 36 ሰዓት ያልተኛ ሐኪም ግን ለልጃችሁ የመድኃኒት መጠን ያሰላል። በማግሥቱ ደግሞ የቤት ኪራይ ለመሙላት የግል ክሊኒክ ሄዶ ይሠራል። ስለዚህ የሐኪሙ ደሞዝና ዕረፍት የሐኪሙ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የታማሚውም ደኅንነት ነው።

የሕክምና ሽፋኑን ጥያቄም ልንገራችሁ። አንድ የሥራ ባልደረባችን ሲታመም በየዎርዱ ዞረን ገንዘብ ያዋጣንበት ቀን አለ። ሰው ሲያክም የኖረ ባለሙያ መታከሚያ አጣ። ይህን ያየ ሰው ጥያቄውን ቅንጦት ነው አይለውም።

«ምላችኋል!»

አዎ፣ ምለናል። መሐላውም አሁንም አለ። ግን መሐላው ምን እንደሚል ብዙ ሰው አያውቅም። በዓለም ላይ ሐኪሞች የሚምሉበት የጄኔቫ መሐላ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል አንድ ሐሳብ ተጨምሮበታል፦ ሐኪሙ ከፍተኛ ደረጃውን የጠበቀ ሕክምና መስጠት እንዲችል የራሱንም ጤናና ደኅንነት ይጠብቃል የሚል። ያንኑ መሐላ የሚያወጣው የዓለም ሕክምና ማኅበርም በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው አቋም፣ ሐኪሞች ተቃውሞ ማድረግ እንደሚችሉ፣ ሆኖም በሕዝብ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት መቀነስና አስፈላጊና የድንገተኛ ሕክምና እንዳይቋረጥ ማድረግ እንዳለባቸው አስቀምጧል። መሐላው አፍ መዝጊያ አይደለም፤ ግን ገደብ ያበጃል።

እዚህ ላይ ስለ «ጀግና» የሚለው ቃልም ልበል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ ምን እንደሆነ የወሎ ሰው አይረሳውም። የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። ባለሙያው ተመልሶ ባዶ ክፍል ጠርጎ ሥራ ጀመረ። በኮቪድም ጊዜ እንዲሁ ነበር። ያኔ «ጀግኖቻችን» ተባልን፤ ተጨበጨበልን። እናመሰግናለን። ነገር ግን ጀግና ተብሎ የተሞገሰ ሰው «ራበኝ» ማለት ያሳፍረዋል። ይሉኝታ ይይዘዋል። ምስጋናችን ሳናውቀው የሰውን አፍ እንዳይዘጋ እንጠንቀቅ።

«ሳልታይ ብመለስስ?»

ይህ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው። በቃላት አላቃልለውም።

የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና የተነሳ፣ በዓይን ሕክምናም ከሩቅ ሰው የሚመጣበት ተቋም ነው። የሥጋ ደዌ ታማሚ ቤተሰብም ሰፈርም የሚሸሸው ሰው ነበር። የመንግሥት ሆስፒታል በር ድሮም ዛሬም በአብዛኛው የሚንኳኳው ሌላ በር በሌለው ሰው ነው። ገንዘብ ያለው የግል ክሊኒክ ይገባል፤ የበለጠ ያለው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ይሄዳል። አድማ ሲመታ ጥያቄው የሚቀርበው ለባለ ሥልጣን ነው፤ ቀድሞ የሚጎዳው ግን ከወረኢሉ የመጡት እናት ናቸው። ይህን ያልተረዳ አድማ መቺ የሕዝብ ድጋፍ አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ባለሙያው መጠየቅ፣ ሰሚ ሲያጣም ሊዘገይ የሚችለውን አገልግሎት ማቆም መብቱ ሊሆን ይገባል። ነገር ግን ድንገተኛ ክፍል፣ ማዋለጃ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ ጽኑ ሕሙማን እና ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች መነካት የለባቸውም። ቀጠሮ ያለውም ሰው ብር ተበድሮ ከመነሳቱ በፊት ይነገረው።

በሌሎች አገሮች የተደረጉ የሐኪም አድማዎችን የመረመሩ ጥናቶች አሉ። በብዙዎቹ የሞት ቁጥር አልጨመረም፤ አንዱ ምክንያት ድንገተኛ ሕክምናው መቀጠሉ ነው። ይህን ግን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም። በእኛ አገር አንድ ሐኪም ለ10,000 ሰው ገደማ ነው፤ አንድ ሰው ሲጎድል የሚተካው የለም። በጎረቤታችን ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር ያበቃው የሐኪሞች አድማ 100 ቀን ፈጅቷል። መቶ ቀን ለደሃ በጣም ረጅም ነው።

ወደዚያ እንዳይደረስ ሕግ ይረዳ ነበር። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 ሥራ የማቆም መብትን ያውቃል፤ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ መብት እንደሚጠቀሙ ግን ለዝርዝር ሕግ ተወው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሆስፒታልን፣ ክሊኒክንና ፋርማሲን አድማ ከማይደረግባቸው አገልግሎቶች ውስጥ መድቧቸዋል። ሆስፒታል ውስጥ አድማ መከልከሉ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መርህም ተቀባይነት አለው። ግን መርሁ በዚያ አያበቃም፦ የከለከለ መንግሥት በምትኩ ገለልተኛና ፈጣን የሽምግልና መንገድ ማዘጋጀት አለበት ይላል። ወሎ ውስጥ ሽምግልና ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። ሁለት ሰው ሲጣላ አንዱን «ዝም በል» ብሎ ማስቀመጥ ዕርቅ አይባልም።

አድማ ሳይኖርስ?

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ነገር። አድማ በሌለበት ተራ ቀን የሚሆነውን አስቡ። ዓመታዊ የጤና መድን መዋጮ ከፍላችሁ ትመጣላችሁ፤ «መድኃኒቱ የለም፣ ውጭ ግዙ» ትባላላችሁ። የላቦራቶሪው ማሽን ተበላሽቷል ትባላላችሁ። ለአንድ ሐኪም ሰባ ሰው ይሰለፋል። ጓንት አልቆ ነርሷ ስትለምን ታያላችሁ። እንደዚያ ቀን ሳይታይ የተመለሰ ሰው በአድማ ቆጠራ ውስጥ አይገባም፤ በዜናም አይነገርም። ግን እሱም ሳይታይ ነው የተመለሰው።

አድማ በአንድ ቀን ጎልቶ የሚታይ ጉዳት ነው። ይህኛው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚደርስ ጉዳት ነው። ለመጀመሪያው የምንቆጣውን ያህል ለሁለተኛው ብንቆጣ ኖሮ፣ ምናልባት የመጀመሪያው ባላስፈለገ ነበር። ታማሚውና ባለሙያው በአንድ በር ላይ የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ።

ስለዚህ ልትደግፉን ትችላላችሁ፣ ልትቃወሙንም ትችላላችሁ። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ድንገተኛው ክፍት ነው ወይ? ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ አካል ቁጭ ብሎ ተነጋግሯል ወይ? እኔስ በተራው ቀን ስለጎደለው ነገር ቅሬታዬን አቅርቤያለሁ ወይ? በር ላይ ያገኛችኋትን ነርስም አትሳደቡ፤ ውሳኔው በእጇ አይደለም።

በአድማም ጊዜ ይሁን በሌላ ጊዜ፣ እነዚህ ምልክቶች ካሉ ቤት አትቀመጡ

1. ነፍሰ ጡር እናት፦ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ማንቀጥቀጥ፣ የሽርት ውኃ መፍሰስ ወይም የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ።
2. ሕፃን፦ ጡት አለመጥባት፣ ፈጣን ወይም የሚያቃስት አተነፋፈስ፣ ማንቀጥቀጥ፣ መዝለፍለፍ።
3. አዋቂ፦ የደረት ሕመም፣ ድንገት የአንድ ጎን መስነፍ፣ የአፍ መጣመም ወይም አንደበት መያዝ፣ የማይቆም ደም፣ ራስን መሳት።
4. የስኳር ታማሚ፦ ትውከት፣ ፈጣን አተነፋፈስ ወይም መደናገር።

«ዛሬ ሐኪም የለም» ሲባል ሰምታችሁ በወሬ አትቅሩ፤ ሄዳችሁ ድንገተኛ ክፍሉን ጠይቁ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢ እና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስዱ በምንም ምክንያት አታቋርጡ፤ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያና የቀጠሮ ካርዳችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ የተቃወማችሁትም ጭምር። ሳንሰዳደብ እንነጋገር። ፈጣሪ ለሁላችንም ጤናና ሰላም ይስጠን። አብሽሩ።