ሆድ ያልፈጀው ቁጣ

ለዛሬ ፓርቲዎቹን ትቼ ስለ ራሴ ቁጣ ልጻፍ።

በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተቀስቅሶ ሳለ፣ ኅዳር ወር መጨረሻ ላይ፣ አንድ አብሮ አደግ ወዳጄ በስልክ የተናገረኝ ቃል አንገበገበኝ። ባደግንበት ሥርዓት ዝምታ ጨዋነት ነውና “ሆድ ይፍጀው” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሆዴ ግን አልፈጀውም። ቁጣው ሦስት ሳምንት ሲብላላ ሰንብቶ በአንድ ሌሊት የአራት ገጽ ደብዳቤ ሆነ፤ ሳይነጋም ላክሁት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ተዘጋጋን።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄምስ ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ይህን ጠባያችንን ያስታውሰኛል። ለተሳታፊዎች የሚዘገንን የቀዶ ሕክምና ፊልም አሳዩ። ስሜታቸው በፊታቸው እንዳይነበብ የታዘዙት፣ ፊታቸው ቢረጋጋም ስሜታቸው አልበረደም፤ ሰውነታቸውም ይበልጥ ተወጠረ። ፊልሙን ረጋ ባለ ዓይን እንዲመለከቱት የተነገራቸው ግን መጸየፋቸው ራሱ ቀነሰ። እኛ ጨዋነት የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛውን ነው።

መጻፉ በራሱ ክፉ አልነበረም። አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1863፣ ከጌቲስበርግ ድል በኋላ የጠላት ጦር በማምለጡ ተቆጥተው ለጄኔራል ጆርጅ ሚድ ብርቱ ወቀሳ ጽፈው ነበር። ነገር ግን አልፈረሙበትም፤ አልላኩትምም። ቁጣቸውን ወረቀት ላይ አውጥተው ካዩት በኋላ ወረቀቱን አስቀመጡት። እኔ ያን አንድ ሌሊት እንኳ ለደብዳቤዬ አልሰጠሁትም።

ከወዳጄ ጋር ዳግም የተያየነው እናቱ ባረፉ ጊዜ፣ ለቅሶ ቤት ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ቃል በተናገረበት ዕለት፣ ስልክ በተቋረጠበት አካባቢ የነበረችውን የእህቱን ድምፅ ከሰማ ወር አልፎት እንደነበር ያን ጊዜ ነገረኝ። “ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም?” አልኩት። “መች ጠየቅኸኝ?” አለኝ።

ፖለቲካችንም እንደ እኔው ይመስለኛል፤ ዘመን ሙሉ አፍኖ ይኖርና በአንድ ሌሊት ይፈነዳል። በዝምታውና በፍንዳታው መካከል “ምን ነክቶህ ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል።