ኳሱን ከተወ በኋላ

ዛሬ ስለ ቤዝቦል ልጽፍላችሁ ነው። አትሳቁብኝ! እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ጨዋታውን የማውቀው በፊልም አልፎ አልፎ ካየሁት ነው። ከገና ጨዋታ ጋር የሚያመሳስለው ዱላው ብቻ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ ከመታ በኋላ ቤዝ የሚባሉትን ምልክቶች እየረገጠ ዞሮ ወደተነሣበት ለመመለስ ይሮጣል። ከሜዳው ጫፍ ርቀው የሚቆሙ ሦስት ተጫዋቾች ደግሞ አሉ። የእነሱ ሥራ ርቃ የመጣችውን ኳስ ሮጦ መቅለብ ነው። የምነግራችሁ ሰው ከእነዚህ እንደ አንዱ ነበር።

ስሙ ቢሊ ሰንደይ ይባላል። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ አስተማሪያችን ታሪኩን ሲነግረን ደብተሬ ላይ ጽፌ አቆየሁት። ባለቤቴ መጋቢ ከሆነ ወዲህ ከእኔ ደብተር ወስዶ ቢያንስ አራት ጊዜ ሰብኮበታል። (ምንጩን ግን አንድም ቀን አልጠቀሰም!)

ሰንደይ እ.ኤ.አ. በ1862 በአሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ተወለደ። አባቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘምቶ ሳለ ታሞ ሞተ፤ ልጁን አላየውም። እናቱ ማሳደጉ ሲከብዳት ከወንድሙ ጋር የወታደር ልጆች ወደሚያድጉበት ቤት ላከችው። ከዚያ የወጣው ልጅ አንድ ነገር ነበረው፦ እግር። ሲሮጥ የሚደርስበት ጠፋ። በ1883 ካፕ አንሰን የሚባለው ታዋቂ አሰልጣኝና ተጫዋች ወደ ቺካጎ ቡድን ወሰደው። ያ ቡድን ያኔ ዋይት ስቶኪንግስ ይባል ነበር፤ የዛሬው ቺካጎ ከብስ ነው።

አጀማመሩ የሚያሳፍር ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ አራት ጊዜ ወጥቶ አራቱንም ጊዜ ኳሷን ሳተ። በኋላም ቢሆን ጎበዝ መቺ አልሆነም፤ በሙሉ የጨዋታ ዘመኑ የተሳካለት ከአራት አንዱን ያህል ነው። መሮጥ ላይ ግን ማንም አይደፍረውም። ተጋጣሚ ሳይዘጋጅ ከአንዱ ቤዝ ወደ ሌላው ሮጦ መድረስን እነሱ «መስረቅ» ይሉታል፤ ሰንደይ በ1890 ብቻ 84 ጊዜ «ሰርቋል»። ስለ አንድ ኳስ ደግሞ ራሱ መድረክ ላይ ደጋግሞ ይናገር ነበር። ኳሷ ከራሱ በላይ አልፋ ወደ ተመልካቹ ስትበር እየጸለየ ሮጠ፣ ዘለለ፣ እጁንም ሲዘረጋ እጁ ውስጥ ገባች። እንደ ሰባኪ ሚስትነቴ ሳስበው ታሪኳ ከስብከት ወደ ስብከት ትንሽ ሳትጣፍጥ አልቀረችም። ስንቱን ምሳሌ እንዲህ ሲያድግ አይቻለሁ!

በዚያው በቺካጎ ዘመኑ አንድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ጠጥቶ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሳለ፣ ከፓሲፊክ ጋርደን ሚሽን የመጡ ሰዎች እናቱ ትዘምራቸው የነበሩትን መዝሙሮች ሲዘምሩ ሰማ። ተከትሏቸው ሄደ፣ ተመላለሰ፣ ጌታንም ተቀበለ። ከዚያ ኔል ቶምሰን የምትባል የቤተ ክርስቲያን ልጅ ወደደ። አባቷ የወተት ተዋጽኦ ንግድ ያለው ሀብታም ነው። «ኳስ ተጫዋች ዘላን ነው፤ ዕድሜው ሲያልፍ ምን ሊሆን ነው?» በሚል ሐሳብ አልቀበልም አለ። ኔል ግን አልለቀቀችም፤ መስከረም 5 ቀን 1888 ተጋቡ።

በ1891 ከሦስት እጥፍ በላይ የሚከፍለውን ኳስ ትቶ፣ እኛ ወወክማ ብለን በምናውቀው ማኅበር በወር 83 ዶላር ተቀጠረ። ሥራው በሽተኛ መጠየቅ፣ ተስፋ ከቆረጠ ጋር መጸለይ፣ መጠጥ ቤት ገብቶ ሰው መጥራት ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እግሩ ገና አልደከመም፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ አለች።

የደብተሬ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል። የባለቤቴም ስብከት እዚህ ላይ ያልቃል። ጉባኤው «አሜን!» ይላል።

ባለፈው ከአምልኮ ተመልሰን ምሳ እየበላን ሳለ፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ትልቁ ልጃችን እንጀራውን እየጠቀለለ «ሰውዬው ልጆች ነበሩት?» አለ። አባቱ «ነበሩት መሰለኝ» አለው። «እነሱስ ምን ሆኑ?» ማናችንም አልመለስንለትም። እኔ ውኃ ላመጣ ብዬ ተነሣሁ።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም፤ ፈልጌ አነበብኩ። ሰንደይ በትንንሽ የገጠር ከተሞች መስበክ ጀምሮ፣ መድረክ ላይ እንደ ቤዝ ሰራቂ እየሮጠና እየተንሸራተተ፣ በዘመኑ ከአሜሪካ ወንጌላውያን ሁሉ ስመ ጥሩ ሆነ። በ1917 በኒው ዮርክ ባደረገው የዐሥር ሳምንት ስብሰባ ወደ ፊት የወጡት 98,000 ያህል ተቆጥረዋል። ይህን ሁሉ የምታደራጀው ማን ነበረች? ኔል። ከ1908 አካባቢ ጀምሮ ልጆቹን ለሞግዚት ትታ ከባሏ ጋር መዞር ጀመረች። ሠራተኛ ትቀጥራለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ሒሳብ ትቆጣጠራለች። ያን ጊዜ የመጨረሻው ልጅ፣ ፖል፣ ገና አንድ ዓመቱ ነበር።

አራት ልጆች ነበሯቸው። ወንዶቹ አባታቸው መድረክ ላይ በሚያወግዘው ሕይወት ገቡ፤ ነውራቸው እንዳይወራ ለሴቶች ገንዘብ ይከፈል ነበር። ብቸኛዋ ሴት ልጅ በ1932 ሞተች። በዓመቱ ጆርጅ ራሱን አጠፋ። ሰንደይ በ1935 ሲሞት ኔል ሁለት ልጆች ቀርተዋት ነበር፤ አንዱ በ1938 በመኪና አደጋ፣ ፖል በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። እሷ እስከ 1957 ኖረች፤ እስከዚያም ቃሉን ትናገር ነበር።

አንባቢዎቼ፣ የልጆቹ ውድቀት ከወላጆቹ መራቅ መጣ አልላችሁም። አባታቸው በየምሽቱ ቤት እየገባ የጠፉ ልጆችም አውቃለሁ። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ያ ዝም ለማሰኘት የሚከፈለው ገንዘብ ነው። እኔ ገንዘብ ከፍዬ አላውቅም። ዝም ማሰኘትን ግን አውቅበታለሁ።

ባለቤቴ የባንክ ሥራውን ለቆ ወደ ሙሉ ጊዜ አገልግሎት ሲገባ አባቴም እንደ ኔል አባት ብሎ ነበር፤ «ልጆቹን በጸሎት ሊያበላ ነው?» ብሎ። ስለዚህ ቤታችን ጎደለ መባሉን ፈራሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ሁለተኛዋ ልጃችን በትርፍ አንጀት ሌሊት ስትጮህ፣ ጎረቤታችን በታክሲው ሆስፒታል አደረሰን። ባለቤቴ ጅማ ጉባኤ ላይ ነበር። ጠዋት ደውሎ «እንዴት ናችሁ?» ሲለኝ፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆሜ «ጌታ ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን፤ አንተ አገልግል» አልኩት። ልጆቹንም ለአባታችሁ አሁን አትንገሩ አልኳቸው። ትልቁ ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በሩ ላይ አብሮኝ ቆሞ ነበር። የምሳውን ጥያቄ ከየት እንዳመጣው ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ያነበብኩትን ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ቀጥዬ የጅማውን ነገርኩት። እሱ እስከዚያ ቀን የሚያውቀው፣ ልጅቱን «ትንሽ አሟት ሆስፒታል እንደወሰድኳት» ብቻ ነው። «ስድስት ዓመት ሙሉ?» አለኝ። «ጠባሳዋን አላየህም?» አልኩት። አላየም ነበር። ክፉ ነገር መናገሬን ያወቅሁት ፊቱን ሳይ ነው። ተነሥቶ ልጆቹ የተኙበት ክፍል ሄዶ ብዙ ቆየ።

የተያዘ ጉዞ ስለነበር አልተሰረዘም። ልጃችን አብሮት ወደ ሐዋሳ ሊሄድ ነው። አባቱ «ከእኔ ጋር ትሄዳለህ?» ሲለው «ስንት ቀን ነው?» አለ፤ ደስ ማለት አለማለቱ አልገባኝም። እኔ ለሁለቱም ካልሲ እያጠብኩ ነው። አባትየው ከጠዋት እስከ ማታ ሲሰብክ ልጁ ምን ሲያደርግ ይውላል የሚለውን እስካሁን አላሰብንበትም።