ከ117 ቢሊዮኑ የወሎ ድርሻ

ሰው በምድር ላይ መኖር ከጀመረ አንሥቶ የተወለደው ሁሉ ቢደመር ስንት ይሆናል? ዋሽንግተን የሚገኘው ፖፑሌሽን ሪፈረንስ ቢሮ የተባለው የሥነ ሕዝብ ጥናት ተቋም ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1995 አውጥቶ እስካሁን ሲከልሰው ቆይቷል። በ2022ቱ ክለሳ መልሱ 117 ቢሊዮን ግድም ነው። ዛሬ በሕይወት ያለው 8 ቢሊዮን ስለሆነ 109 ቢሊዮኑ አፈር ለብሷል፤ ለአንድ ሕያው ወደ 14 ሙታን ይደርሱታል። ዛሬ የሚኖረው ሰው እስካሁን ከሞተው ሁሉ ይበልጣል የሚል ወሬ አንዳንዴ ይሰማል። ፍጹም ስሕተት ነው።

ስሌቱ የሚደምረው ሞትን ሳይሆን ልደትን ነው። በየዘመኑ የነበረው ሕዝብ ይገመታል፣ ከሺህ ሰው በዓመት ስንት ሕፃን እንደሚወለድ ይገመታል፣ ከዚያ ይባዛል። ለጥንቱ ዘመን የተወሰደው 80 ነው። ከዚያ ብዙ ቢያንስ ኖሮ ዘሩ በጠፋ ነበር፤ ሞት ይቸኩል ነበርና። ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሳይደርሱ ያልፉ ነበር። ስለዚህ 117 ቢሊዮን ሲባል ለብዙ ሰው የሚታሰበው አርሶና ወልዶ የሸመገለ ሰው ቢሆንም፣ ከድምሩ እጅግ ብዙው በልጅነቱ ያለፈ ነው።

መነሻውም ግምት ነው። ሒሳቡ ቀድሞ የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ50,000 ዓመት ነበር፤ ኋላ ወደ 190,000 ተገፋ። በዚህ ብቻ ድምሩ 8 ቢሊዮን ያህል ጨመረ። የሰው ዘር ዕድሜ ወደ ኋላ እንዲገፋ ካደረጉት ማስረጃዎች ዋና ዋናዎቹ ከኢትዮጵያ የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ኦሞ ኪቢሽ ላይ የተገኘው አጽም በ2005 ጥናት 195,000 ዓመት ተሰጠው፤ በ2022 ደግሞ ከ230,000 እንደማያንስ ተገለጸ። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ወደሚያደርስበት አፋርም፣ መካከለኛው አዋሽ ውስጥ፣ 160,000 ዓመት ያስቆጠሩት የሄርቶ የራስ ቅሎች ተገኝተዋል። የወሎ ሰው ከቆላው ጋር እህልና ጨው ሲለዋወጥ የኖረው በዚህ የጥንት መቃብር አፋፍ ላይ ሆኖ ነው።

የሁለት መቶ ሺህ ዓመት ሙታን እንዲህ ተገምተው ሳለ በ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ረሃብ የሞቱት ቁጥር እስከ ዛሬ አልተቆረጠም። ግምቶቹ ከ400,000 ተነሥተው 1 ሚሊዮን ይደርሳሉ።

ነገሩን የባሰ የሚያሳዝነው ጊዜው ነው። ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የቆጠረችው ግንቦት 1 ቀን 1976 ነበር። ኤርትራን ጨምሮ 42 ሚሊዮን ግድም ተገኘ፤ ቆጣሪ ያልዘለቀበት አካባቢ በግምት ተሞላ። ያን ዓመት በልጉ ቀርቶ ነበር፣ ክረምቱም ከዳ። በቆጠራው ቅጽ ላይ ስሙ የሰፈረ የወሎ ገበሬ ስንቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ኮረም ወይም ባቲ መጠለያ እንደወደቀ ማንም አላመሳከረም። መጠለያ ውስጥ የሞተው ቢያንስ ሲገነዝ ይቆጠር ነበር። ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ መንገድ ላይ የቀረው ግን የቆጠረው የለም።

ጉድለቱ በሚቀጥለው ቆጠራ በታየ ነበር የሚል ይኖራል። ጥቅምት 1987 ሲቆጠር ግን ነገሩ ሁሉ ተቀያይሮ ነበር። 600,000 ያህል ሰው፣ ብዙው ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሄዶ ሰፍሯል፤ ክፍለ ሀገሩ በዞን ተከፋፍሎ ወሰኑ ተለውጧል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ አዲስ ትውልድ ተወልዷል። ማን ሞተ፣ ማን ሄደ፣ ማን ወሰን ተሻገረ የሚለውን ከሁለት ድምር መለየት አይቻልም።

ከዚያ በፊት የነበረው የ1965ቱ የወሎ ረሃብ ደግሞ በመጀመሪያ የተሸሸገ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም ጥቅምት 1966 በቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ መንግሥት ነገሩን ለማድበስበስ ሞክሯል። የሟቾቹ ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይዋዥቃል። ይህ 160,000 ልዩነት በ1999 ቆጠራ ደሴ ከተማ ውስጥ ከተገኘው 120,095 ሰው ይበልጣል። ከተማ የሚያህል ሕዝብ ሞቷል ወይስ አልሞተም በሚል ጥያቄ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ወደ ኋላ ከተሄደ፣ ከ1880 እስከ 1884 በነበረው ክፉ ቀን፣ የከብት እልቂት ካስከተለው ረሃብ የተነሣ የሕዝቡ ሲሶ አለቀ ይባላል። የስንት ሲሶ? ጠቅላላው ሕዝብ ተቆጥሮ አያውቅም ነበር።

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ግን ሞትን አጥብቆ የሚከታተል ተቋም ከጥንት አለ፤ ቅሬ ይባላል። ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት ያቅፋል፣ መቃብር ያስቆፍራል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል፣ ከቀብር የቀረውን ይቀጣል። ሰው ከቀዬው ሳይነቀል ከሞተ ቅሬው ሳያውቀው አይቀበርም። ረሃብ ቀዬውን ሲበትን ቅሬውም አብሮ ይበተናል፤ ሞት በበዛበት ወር ሞትን የሚያውቀው ይጠፋል ማለት ነው። የሙታን ድምር የሚጎድለው በዚያው እልቂት በከፋበት ቦታና ጊዜ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባውም ይህ ነው።

አሁን ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ምዝገባውም ሐምሌ 2008 መጨረሻ ላይ ተጀምሯል። የልደት የምስክር ወረቀት ትምህርት ቤት ይጠይቃል፣ የሞቱን ደግሞ ፍርድ ቤትና ጡረታ። ውርስም ጡረታም ያልተወ ድሃ ግን ሲሞት ወደ ቀበሌ የሚያስኬድ ጉዳይ የለውም። የቅሬ ዳኞችና የቀበሌ መዝጋቢዎች አንድ ላይ ቢሠሩ ይህ ክፍተት በቀላሉ ይጠብባል።

ለ1977ቱም ጊዜው ፈጽሞ አላለፈም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች አሉት። እያንዳንዱ ለዕረፍት ሲሄድ ከትውልድ መንደሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ተቀምጦ በዚያ ዓመት የሞቱትን በስም፣ በዕድሜና በቀበሌ ቢጽፍ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ እስካሁን ማንም ያልያዘው መዝገብ ይከማቻል። የሚጠየቁት ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ፤ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት የነበሩት ዛሬ ስድሳን ተሻግረዋል።