አስተርጓሚውና የአገሩ ልጅ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ደምበጫ ከቤታችን ሳለን አንድ ነገር ከታናናሾቻችን ጋር ሊያጣላን ደርሶ ነበር። ያለን ላፕቶፕ አንድ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የደረሰን፥ ባለ 4 ጊጋባይት አሮጌ። የመመረቂያ ጽሑፋችን ያለው በእርሱ ላይ ስለሆነ ቫይረስ ፈርተን ሊኑክስ ጭነንበታል። ልጆቹ ግን ከፍኖተ ሰላም በፍላሽ የመጣላቸውን የመኪና እሽቅድምድም ይዘው ቀረቡ፤ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። «እንግዲያው ሊኑክሱን አጥፉልን» አሉ። እኛም በተማሪ ኩራት፥ «ሊኑክስ የራሱ ጨዋታ አለው» ብለን ሱፐርታክስካርትን ከፈትንላቸው። ያለ እንከን ሄደ፤ ዳሩ ግን ልባቸው ከፍላሹ ላይ ነበር።

ለዊንዶውስ የተሠራ ጨዋታ በሊኑክስ ላይ የሚሄደው በአስተርጓሚ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዋይን፥ በ2018 እ.ኤ.አ. ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በእርሱ ላይ መሥርቶ ያወጣው ፕሮቶንም ሥራቸው ይኸው ነው። ብዙ ሰው እንደሚመስለው ሌላ ኮምፒውተር አስመስለው አይፈጥሩም፤ የጨዋታው ስሌት በቀጥታ በፕሮሰሰሩ ላይ ይሠራል። የሚከብደው የሥዕሉ ትርጉም ነው። በሰከንድ 60 ሥዕል እንዲታይ አንዱ ሥዕል በ16 ሚሊሰከንድ ገደማ ማለቅ አለበት፤ አስተርጓሚውም ድርሻውን የሚወስደው ከዚያችው ጊዜ ላይ ቆርሶ ነው።

በመጀመሪያ ዲኤክስቪኬ የተባለውን አዲሱን አስተርጓሚ ሞከርን። እርሱ የሚተረጉመው ቩልካን ወደሚባለው ቋንቋ ነው፤ የ2012 እ.ኤ.አ. ትውልድ የሆነው ግራፊክሳችን ግን ቩልካንን አሟልቶ አያውቅም። ጨዋታው አልከፈት አለ፤ ልጆቹም ሳቁብን። ወደ ኦፕንጂኤል በሚተረጉመው በነባሩ ስንለውጠው ተከፈተ። አዲስ ነገር ባየ ቁጥር ለጊዜው ይደነቃቀፋል፤ ትርጉሙን አንዴ ካዘጋጀ በኋላ ግን ይቀናዋል። የሥዕሉን ጥራትና መጠን ዝቅ ስናደርግለት ለጨዋታ በቃ።

ኩራታችንን የሰበረው ሌላው ነው። ለሊኑክስም ለዊንዶውስም የተዘጋጀ አንድ ጨዋታ ነበረን። የሊኑክሱ ቅጂ ሠሪዎቹ ከተዉት ዓመታት አልፈዋል፤ የዊንዶውሱ ቅጂ በአስተርጓሚ ሆኖ በለጠው። ለካ የአገሩ ልጅ መሆን ብቻውን አያስሮጥም፤ የሚጠብቀውና የሚያርመው ይፈልጋል። አስተርጓሚም በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ባለቤቱ የማያውቀውን ቋንቋ ሲያመጣበት ነው ቤቱ የሚጨነቀው።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ የምንመልስ ተማሪዎች ነን። ፈተና ላይ ስንዘገይ ሰነፍ የተባልንበት ጊዜ አለ፤ የዘገየው ግን ዕውቀቱ ሳይሆን ትርጉሙ ነበር። እንግዲህ አሮጌውን ላፕቶፕ «አይረባም» ብሎ ከመጣል፥ ወይም «የራሳችን ይበልጣል» ብሎ ከመኩራት በፊት ሁለቱንም ከፍቶ መመዘን ይገባል።

ከልጆቹ ጋርም ታረቅን። መብራት ሲኖር ማታ አንድ ሰዓት የፍላሹን ይጫወታሉ፤ መብራት ሲጠፋና በባትሪ ስንቀር ግን ቀለል የሚለውን የሊኑክሱን። ሊኑክሱም አልጠፋ፥ የመመረቂያ ጽሑፋችንም በደኅና አለ።