ጮኸች!

ጮኸች። በእጄ የሠራኋት ማሲንቆ ዛሬ ከሰዓት ጮኸችላችሁ! ፀሐይ ብልጭ ባለችበት ቆዳዋ ደረቀ፣ ጭራውን ወጠርኩ፣ ደጋኑን እጣን አስነካሁትና አንዴ ገዝገዝ ሳደርጋት... ድምፁ ምን እንደሚመስል እኔ ልነግራችሁ አልችልም፣ ጎረቤቴ እትዬ ግን በአጥር በኩል ነግረውኛል። «ልጄ፣ ድመቷ ምን ነካት?» ድመት የለኝም።

የሳጥኗን አራት ሳንቃ ማገጣጠሙ ለካ ቀላሉ ነገር ነበር። ቆዳው ነው ጉዱ። የፍየል ቆዳ ርሶ ነው የሚወጠረው፤ እርጥብ ሳለ የፈለጋችሁትን ይሆንላችኋል፣ ሲደርቅ ግን እየተኮማተረ ሳጥኑን ማነቅ ይጀምራል፣ ማዕዘኑ በደንብ ካልተያያዘ ይፈለቅቀዋል። እንቅልፍ አልወሰደኝም። እየተነሳሁ በስልክ ባትሪ ማዕዘን ሳይ አደርኩ። በክረምት ምን አስጀመረህ እንዳትሉኝ፣ መምህሬ ጋሼም ይህንኑ ብለውኛል። እርጥበት ሲነካው ቆዳው ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል፤ ባለሙያዎቹ ከጨዋታ በፊት ከሰል ዳር ጠጋ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። እኔ በፀጉር ማድረቂያ ሞከርኩት። ጋሼ እንዳይሰሙ።

አሁን ቁም ነገር ላውራ። ድሮ በተዋስኳት ማሲንቆ ስለማመድ ድምፁ ሲበላሽ ዕቃዋን እሰድብ ነበር። አሁን ግን የት ጋ እንደሚያማት አውቃለሁ። ስትነዝር የቱ መጋጠሚያ እንደሆነ ይገባኛል። ክሩን የምትደግፈዋን ብርኩማ የስንዴ ፍሬ ታህል ገፋ ሳደርጋት ድምፁ ከአፍንጫ ወደ ደረት ሲወርድ በጆሮዬ ሰማሁት፣ ብቻዬን ሳቅኩ። መልሼ ገፋኋት፣ መልሶ ወደ አፍንጫ ወጣ። እራቴን እስክረሳ ስገፋ ስመልስ አመሸሁ። ይህን የሚያህል ደስታ ለአንዲት ቁራጭ እንጨት!

መጫወቱ ሌላ ዓለም ነው። ቫዮሊን ላይ ጣት ክሩን ወደ እንጨቱ ይጫነዋል፣ ቢያንስ የሚያርፍበት አለው። ማሲንቆ ላይ ክሩ ከአንገቱ ርቆ ስለሚቆም ጣታችሁ ክሩን ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨት አያገኝም። አንድ ክር ናት፣ ምልክት የላትም፣ ድምፁ የት እንዳለ የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው። ትዝታ ልል ተነስቼ ባቲ ደጃፍ ላይ እገኛለሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ ጋሼ ሲሰሙኝ «አምስተኛውን ቅኝት ያገኘኸው አንተ ነህ» ይላሉ።

በዚህ ሁሉ ደስታዬ መሃል የሠራሁት ነገር፦ ቪዲዮውን የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። አባዬ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ዲግሪህን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ?» አጎቴ ሳቅ ጨመረበት። አክስቴ የጸሎት እጅ ላከች። የጸሎት እጅ! ታምሜ ነው እንዴ?

እነዚሁ ሰዎች ናቸው እኮ በሠርግ ላይ አዝማሪ ካልመጣ የሚያኮርፉት። ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፋሉ፣ ስማቸውን አንስቶ ካወደሳቸው ለዓመት ያወሩታል። ልጃቸው ማሲንቆ ሲይዝ ግን ለቅሶ ቤት። ፈረንጅ ቢይዘውስ? ቻርልስ ሰተን የሚባል የሰላም ጓድ አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ እዚህ መጥቶ ከጌታመሳይ አበበ እግር ስር ቁጭ ብሎ ማሲንቆ ተምሮ፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ ገብቶ ተጫውቷል። በእነሱ አቆጣጠር 1969 ላይ ቡድኑ አሜሪካን ሲዞር ኤድ ሱሊቫን ሾው ላይ ሁሉ ቀርቧል። ይህን ግሩፑ ላይ ብጽፍ «ወይ ጎበዝ!» ነው የሚሉት። ለሰተን።

ሌላም ልጨምር፣ ተናድጃለሁ። ከየካቲት 12ቱ 1929 ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋይና ባሕታዊ ሲያስለቅም አዝማሪንም አብሮ እንዲያዝና እንዲረሸን አዟል። ጣሊያን አይቆይም እያሉ በየገበያው የሚያወሩ አፎች ናቸው ብሎ ነው። መድፍና አውሮፕላን ያለው ሰውዬ አንድ ክር ፈርቶ! እኛ ቤት ግን «ዲግሪህን ሰቅለህ?»

ደግሞ ስሙኝማ፣ አባዬ ግሩፑ ላይ እንዲያ ካለ በኋላ ትንሽ ቆይቶ በግል ጻፈልኝ። «ላልቷል። መቃኛውን አጥብቀው።» ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል የለም። አጠበቅኩት፣ ልክ ነበር። ይህ ሰውዬ ጆሮውን ከየት አመጣው? የአያቴን አገር ሰዎች ልጠይቅ ነው፣ የሆነ የተደበቀ ነገር ሳይኖር አይቀርም። አክስቴ ታውቃለች፣ ግን እሷ አሁን እየጸለየችልኝ ነው።

በሉ ደክሞኛል። የደጋኑ ጭራ እየተበጣጠሰ ነው፤ ቢሾፍቱ አካባቢ የጋሪ ፈረስ ያለው ሰው የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ወንድ ፈረስ ይሁን። ለምን እንደሆነ ባለጋሪውን ጠይቁት።